በሮቹ ውስጥ ያለው ውሃ

ሰኞ፣ ሜይ 12

ጠዋት ከግቢ ስወጣ መኪናዋ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ቸል... ቸል... ነዳጅ አይደለም። አደባባዩን ስዞር ወደ ኋላ ሸሸ፤ ፍሬን ስይዝ ወደ ፊት መጣ። እንስራ ተሸክማ የምትሄድ ሴት የምታሰማው ዓይነት። ከራሴ በር ውስጥ ነው።

ቢሮ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሜትር ከሃያ ወሰን ሲጣሉ ዋሉ። መሬታቸው ድረስ ሄጄ መሣሪያዬን ተክዬ፣ ለክቼ አሳየኋቸው። ሁለቱም እኔን ተቆጡ። ልክ የሆነ ነገር ማንንም አያስደስትም።

ስመለስ ባለቤቴ ፍሬማ አጥሩ ጋ ቆማ ከአንኮማ ጋር ትስቃለች። ጎረቤታችን ነው። ከባንክ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት የሆናት። ከባለቤቴ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፤ ከወንዶቹ ሁሉ ወፍራሙ ድምፅ የሱ ነው ይላሉ። መኪናው ከኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ በአራት ዓመት ታረጃለች። ታጥባ አታውቅም።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«ምንም» አለች ፍሬማ።

ለምንም ይህን ያህል ይሳቃል?

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

አንድ በአንድ ከፍቼ ነቀነቅኳቸው። አራቱም በሮች ውሃ አላቸው።

እሑድ፣ ሜይ 18

መጥፎ ቀን።

የአንዲት ዘማሪ እናት ትናንት ተቀብራለች፤ ዛሬ የምስጋናው ጸሎት ነበር። ሁሉም ነጭ በነጭ። ፍሬማ ለዚህ ያሰፋችውን ነጭ ልብስ ለብሳ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ቁልቁለቱ ላይ ፍየል ገባችብን። ፍሬን ያዝኩ። ከፍሬማ በር የውስጥ ሽፋን ስር ውሃው ፈንጥቆ ወጣ፤ ዝገት የቀላቀለ፣ ቀይ። ከጉልበቷ እስከ እግሯ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«የአኪያ አባት፣ አቁም።»

በልጃችን ስም የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው። አቆምኩ። ወረደች። ከኋላችን ማን ይምጣ? በቀይ አፈር የተለሰነች መኪና...

«እቴ ፍሬማ! ምን ነካሽ?»

«ወንድም አንኮማ፣ ቤት መልሰኝ፤ ልብስ ልቀይር።»

ወንድም! በየት በኩል ነው ወንድምነቱ?

ባልዋ እኔ፣ እዚያው መንገድ ላይ ከፍየሏ ጋር ቀረሁ። ስትገባ የከፈተችውን የመኪናውን በር አየሁት። ውጩ ጭቃ ነው። ውስጡ ግን ደረቅ። የሱ ለምን ይደርቃል?

ሰኞ፣ ሜይ 19

ስዋሜ ሄድኩ፤ የሜካኒኮቹ ሰፈር። ኛርኮ ጋ ግን አልሄድም። ማስተር ኛርኮ አሥራ አንድ ዓመት መኪናዬን ሠርቷል፤ ነገር ግን በጃንዋሪ ማክሰኞ ብሎኝ ሐሙስ አስረከበኝ። ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ቀን አይደሉም። ፊት ለፊቱ ወዳለው ጋራዥ ገባሁ። ኛርኮ ከሱቁ ደጃፍ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ። እጁን አነሳ። አላየሁም።

አዲሱ ሰው አንዴ ገልመጥ አድርጎ «የመስታወቱ ጎማ ነው ያረጀው፣ አለቃ፤ በሱ በኩል ነው የሚገባው» አለ። አራቱንም ቀየረ።

ፍሬማ ልብሱን ሦስት ጊዜ አጠበችው። እድፉ የፓፓያ ቀለም ይዞ ቀርቷል። ገመዱ ላይ አስጥታዋለች፤ በትክክል እኔ በማቆምበት ፊት ለፊት።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ዘነበ። ቸል... ቸል...

አዲሱ ጎማ ምንም አልሠራም። ሲሊኮን ገዝቼ በመስታወቶቹ ዙሪያ ራሴ ቀባሁ። እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር በሕይወቴ አስምሬ አላውቅም። አንኮማ በአጥሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ሲያይ ቆየ።

«ቀያሹ፣ ከላይ ነው የምትደፍነው?»

«ውሃ ከታች ይዘንባል እንዴ?»

ሳቀ። ምን ያስቀዋል ይሄን ሰው?

እሑድ፣ ሜይ 25

«ከወንድም አንኮማ ጋር እሄዳለሁ» አለች፤ ጆሮ ጌጧን እያደረገች፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ። «ልብሴ አሳዘነኝ።»

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ፊት ተቀመጠች። ኋላ አይደለም፤ ፊት። ከበር ሳይወጡ አፏ መንቀሳቀስ ጀመረ። የሱም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ! ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ካወራ ማን ማንን ይሰማል? ከኔ ጋር መኪና ውስጥ ስትሆን እኮ ቃል አይወጣትም። መንገዱን ታያለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

ደረስኩ ብላ በስልክ መልእክት ልካለች። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አምስት ነጥብ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። እሑድ ጠዋት አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ሁለት ፈጀባቸው።

ስምንቱ ደቂቃ የት ሄደ?

ረቡዕ፣ ሜይ 28

ማታ ፉፉ እየበላን፣ ረጋ ብላ፦

«የመኪናህ በሮች ግርጌ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱን እይ።»

«ማን ነው ያለው?»

ፉፉዋን ሾርባው ውስጥ ነከረች።

«ማን ነው ያለው፣ ፍሬማ?»

«ወንድም አንኮማ። በሱ መኪና አሉ፤ ባንተ መኪና ማየት አልቻልኩም አለ።»

«የኔን መኪና ግርጌ እሱ ምን አገባው? ተንበርክኮ አየ? ግቢዬ ገብቶ?»

«በመንገድ ሲያልፍ አየ።»

«ብዙ ነገር በመንገድ ሲያልፍ ያያል!»

እጇን ታጠበች። ሾርባው ሳያልቅ። «ያንተ ቅናት አንድ ቀን ይገለናል» አለች ከወጥ ቤት።

ቅናት አይደለም። ልኬት ነው። ስምንት ደቂቃ ስምንት ደቂቃ ነው።

ቀዳዳዎቹን አላይም። የሱን ቃል ሰምቼ ተንበርክኬ የመኪናዬን ሆድ አላይም።

እሑድ፣ ጁን 1

ቀድሜ ወጥቼ መታጠፊያው ላይ የበቆሎ ኬንኬ የምትሸጠው ሴትዮ ጋ ቆምኩ። «ዛሬ ምነው በእግር፣ አባ?» አለችኝ። «ለጤና» አልኩ። ሁለት ኬንኬ ገዛሁ፤ አልራበኝም።

መጡ። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ እንደ ሙሽራ አጃቢ። በመዳፉ መሪውን ይመታል፣ ይመታል። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ጨፍናለች! አፏ ክፍት ነው፤ ፊቷ... ይህን ፊት አውቀዋለሁ። አኪያ በተወለደች ሳምንት የነበራት ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጠፍቷል ብዬ ነበር፤ ከዕድሜ ጋር ይጠፋል ብዬ። ለካ አለ። በዚያ ቆሻሻ መኪና ውስጥ አለ።

አላዩኝም። ኬንኬዎቹን ይዤ ተመለስኩ። ውሾቹ በሏቸው።

ረቡዕ፣ ጁን 4

ሬሳው ስድስት ሳምንት በረዶ ቤት የቆየው የፍሬማ አጎት የሚቀበርበት ቀን ተቆረጠ። ቅዳሜ ጁን 14፣ ማምፖንግ። የእናቷ ወንድም ነው፤ ያሳደጋት፣ ለኔ የዳራት። ከአባት የበለጠ ማለት ነው። ዘመዶቿ ሁሉ፣ ከአክራም ከሰሜንም ይሰበሰባሉ። አማች ሚስቱን ከጎኑ አድርጎ መግባት አለበት፤ መጠጡን፣ ጨርቁን ይዞ። ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ስር ተደርድረው ያያሉ። ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን ከየት ወረደ... አንድ ትውልድ ሙሉ ይወራል።

«ከመዘምራኑ ጋር ነው የምሄደው» አለች።

«በምን?»

«በወንድም አንኮማ መኪና።»

«ፍሬማ። ያጎትሽ ቀብር ነው። ባል አለሽ።»

«ባሌ በራሱ መኪና ይምጣ። ከነውሃው። እኔ ጥቁር ልብሴን አርጥቤ አክስቶቼ ፊት አልቆምም።»

አሥር ቀን። በአሥር ቀን ውስጥ በሮቹ ካልደረቁ ሚስቴ ከሌላ ሰው መኪና ትወርዳለች፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት። ከዚያ በኋላ ብትመለስስ ምን ይሆናል?

ዓርብ፣ ጁን 6

በፊት ማታ ማታ ትንኝ መኪናው ውስጥ አልነበረም። አሁን አለ። ከየት?

ቅዳሜ፣ ጁን 7

የፍሬማን ፀጉር ማድረቂያ ወስጄ በሮቹ ላይ ያዝኩ። ሁለት ሰዓት። ተቃጠለ። የፀጉር ማድረቂያው።

አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

አራት ቀን ቀርቶኛል። ወደ አንኮማ ከመሄድ ኛርኮ ይሻላል ብዬ ስዋሜ ሄድኩ። ፊት ለፊት ያለው ሰው «አለቃ፣ አለቃ!» እያለ ሲጠራኝ አልፌው ገባሁ።

ኛርኮ አልተነሳም። የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ሙዝ ጥብስ በኦቾሎኒ ይበላል።

«ሐሙስ ላይ ደረስክ እንዴ፣ አለቃ?»

«ቀልዱን ተው። በሮቼ ውሃ ይይዛሉ።»

«ይይዛሉ። አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

ሙዙን ዋጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ገባና የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ወጣ፤ ከውስጡ የታጠፈ ወረቀት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

የኔ ጽሑፍ ነው። ኖቬምበር 23። ሃርማታን ሊገባ ሲል፣ የበረሃው አቧራ መኪናዬ ውስጥ እንዳይገባ ለኛርኮ የሰጠሁት ትዕዛዝ። ለሠራተኛ በጽሑፍ ነው የምሰጠው፤ በቃል የተባለ ይረሳል። አሥራ ሁለት ነጥቦች። ሰባተኛው፦ «በአራቱም በሮች ግርጌ ያሉትን ቀዳዳዎች በስቱኮ ድፈን። አንድም እንዳይቀር።» «አንድም» ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በማስመሪያ።

«ደፈንኩ» አለ ኛርኮ። «አንድም አልቀረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልነገርኩህም? 'አለቃ፣ በር ከላይ ይጠጣል፤ የሚጠጣ ነገር ደግሞ መሽናት አለበት' አላልኩህም? አንተ ምን አልከኝ?»

አስታወስኩ። ወዲያው አስታወስኩ።

«'ከኔና ካንተ የተማረው ማነው?' አልከኝ» አለ ኛርኮ። «ስለዚህ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ያልተማረ ሰው ወረቀት ያስቀምጣል።»

ሁሉም ሰው በሃርማታን አቧራ ይማረራል። ያገሬ ሰው ሁሉ በኖቬምበር መስኮቱን በጨርቅ ይወትፋል። ግን ሜይ ሲመጣ ጨርቁን ያወጣል። እኔ ስቱኮ አደረግኩ።

ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ። ካቻቢቴም አበደረኝ። «ራስህ ክፈተው» አለ። «ትዕዛዙ ያንተ ነው።»

ረቡዕ፣ ጁን 11

ከሥራ ቀረሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለተኛዬ ነው።

በጀርባዬ ተኝቼ ስቱኮውን በካቻቢቴ ወጋሁ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ጆግ አቅርቤ ለካሁ።

የኔ በር ሁለት ሊትር ከአራት መቶ። የፍሬማ ሦስት ሊትር ከአንድ መቶ። የኋላዎቹ ሁለቱም አንድ ከስድስት መቶ ገደማ። የሷ በር ለምን በለጠ? ጎማው ያኔ በዚያ በኩል ነበር ያረጀው።

ውሃው ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ይወራጫሉ። የትንኝ እጭ። ትንኝ ሳረባ ነበር። እኔ፣ በየሳምንቱ ግቢውን ለትንኝ የምፈትሽ ሰው።

ቀና ስል አንኮማ አጥሩ ላይ ነው። ጆጉን እያየ ነው፤ አይስቅም። አለመሳቁ ከሁሉ የባሰ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 12

«ውሃው ወጥቷል» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

ኛርኮ ልል ነበር። እውነት ነው... ግን ግማሽ። በኔ ሥራ ግማሽ ልኬት ስህተት ነው።

«አንኮማ ልክ ነበር።»

ጎንበስ ብላ አየችኝ፤ ትኩሳት እንዳለኝ ልትዳስስ መሰለኝ። «እንደገና በለው።»

«አንዴ ይበቃል።»

ባልዲ ሞልታ መጣች። በራሷ በር መስታወት ላይ ከላይ ለቀቀችው፤ ሙሉውን። ሁለታችንም ተንበረከክን። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከግርጌው በሦስት ቀዳዳ፣ ተራ በተራ... ወጣ። መሬቱ ላይ ትንሽ ወንዝ ሠራ። እስኪያልቅ አየን። ሃያ ስምንት ዓመት ተጋብተን አንድ ነገር አብረን ተንበርክከን ያየነው መቼ ነበር?

አላስቻለኝም።

«ስምንቱ ደቂቃ የት ነበራችሁ?»

«የምን ስምንት ደቂቃ?»

ነገርኳት። አሥራ አራቱን፣ ሃያ ሁለቱን። ኬንኬውንም ነገርኳት።

«ሰዓት ይዘህብናል?»

«አፋችሁ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሁለታችሁም። በአንድ ጊዜ።»

ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። «እንዘምራለን፣ አንተ ሰውዬ! ያጎቴን ቀብር መዝሙር እናጠናለን። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ የመዝሙሩ ቤት ካላለቀ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን እንጨርሳለን። ሁለት ሽማግሌ!»

ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«አደባባዩ ላይ ትዝ ይልሃል? ስድስት ዓመት ሆነው። እየዘመርኩ ነበር። 'ዝም በይ፣ መውጫዎቹን እየቆጠርኩ ነው' አልከኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናህ ውስጥ ዘምሬ አላውቅም። አላስተዋልክም?»

አላስተዋልኩም። ፀጥታው ጥሩ ጠባይ መስሎኝ ነበር።

«ቅዳሜ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

«አያለሁ» አለች። ባልዲውን ይዛ ገባች።

ዓርብ፣ ጁን 13

ቀኑን ሙሉ አልነገረችኝም። ጥቁር ልብሷን ተኮሰች። የኔንም ተኮሰች፤ ግን ያ ምንም አያረጋግጥም፤ ሁልጊዜ ትተኩሳለች።

ወደ ማታ አንኮማ ከአጥሩ፦

«ቀያሹ! ነገ የፊት ወንበሬ ባዶ ነው። ከበሮውን አስቀምጥበታለሁ።»

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ተዘጋጅቼም ነበር።

«መኪናዎን ይጠቡ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ከማምፖንግ ተመልሰናል። ሳልተኛ ልጻፈው።

ስንሄድ እስከ ትልቁ መንገድ ዝም አለች። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። አደባባዩ ደረሰ። መውጫዎቹን አልቆጠርኩም። አንድ አምልጦኝ ሁለት ጊዜ ዞርን፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ብቻ። ከዚያ በቃል።

ድምፅዋ ወርዷል፣ ወፍሯል። መቼ እንዲህ ሆነ? ይህን ሁሉ ስድስት ዓመት ማን ሰማው? ሌላ ሰው ሰማው። መዘምራኑ ውስጥ፤ አሁን ደግሞ በየእሑዱ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ደቂቃ። አላቋረጥኳትም፤ ነዳሁ።

አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ፀጥ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ቀጠለች። ሁለተኛው ቤት ላይም እዚያው ቆመች። ረስታው መሰለኝ።

ድንኳኑ ስር ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል። ከመኪናዬ ወረደች፤ ከጎኔ ቆመች፤ ከቀኝ ወደ ግራ እየጨበጥን ዞርን። አንድ ሰው እንኳ መኪናዋን አላየም። አንድ ሰው! ስለ ቁመቴ መቀነስ ግን ሁለት አክስቶች አስተያየት ሰጡ።

ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ ቆሙ። ያንን መዝሙር ጀመሩ። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ወንዶቹ ገቡ። ከሁሉም በላይ የአንኮማ ድምፅ። እሷ ዓይኗን ጨፍና የሱን ድምፅ ጠብቃ ገባችበት። ለካ አልረሳችም። መኪናዬ ውስጥ ባዶ የተወችው የሱን ቦታ ነው።

በአጎቷ ሬሳ ፊት፣ በአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ቀናሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስንመለስ ዘነበ። ከባድ። በሮቹ ድምፅ የላቸውም። ፍሬማ እጇን በሩ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ልብሷን ሰብሰብ ማድረጓን ትታ ለቀቀችው። ጀመረች። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ቆመች። አንድ። ሁለት...

«እዚህ ጋ ወንዶቹ ምንድን ነው የሚሉት?»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ? በሃምሳ ስድስት ዓመትህ?»

«ምንድን ነው የሚሉት አልኩ።»

ነገረችኝ። ዝናቡ ስለሚጮህ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። በቃል የተባለ ይረሳል፤ መንገድ ዳር አቆምኩና ኪሴን ዳበስኩ። የኛርኮ ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ገልብጬ የወንዶቹን ቃል ጀርባው ላይ ጻፍኩት፦

«ቀስ በል፣ አጎቴ፣ ቀስ በል።»

«አጻጻፉ ልክ ነው?»

«አጻጻፉ ልክ ነው» አለች። «አሁን ድምፁ።»